ማዳበሪያው በሰኔ፣ ሽምብራው በመስከረም

ደምቢያ ውስጥ፣ ከቆላ ድባ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ በተካሄደ የግብዓት ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ያነሡት ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የልማት ሠራተኛዋ የማዳበሪያውን ኮታ፣ የክፍያውን ቀንና የሚታደልበትን ቦታ አስረድታ ስትጨርስ እርሳቸው ተነሡና «ልጄ፣ የጤፉን ሰማን፤ የበቆሎውንም ሰማን። ለሽምብራውስ የሚመጣው ምንድን ነው?» አሉ። «እሱ በኋላ ይታያል አባባ» አለቻቸው። በእጇ የያዘችው ዝርዝር ውስጥ ሽምብራ አልነበረም፤ ከዚያ በላይ ልትላቸው የምትችለው ነገር አልነበራትም። ስብሰባው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

መንግሥት ገበሬውን ይደግፋል ወይስ አይደግፍም የሚለው ክርክር ውስጥ መግባት አልፈልግም። ድጋፉ አለ፤ ብዙ ገንዘብ ይወጣበታል፤ በየቀበሌው የልማት ሠራተኞች አሉ፤ የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከላት ተሠርተዋል። ነገር ግን ልብሱ የተሰፋው በጤፍ፣ በበቆሎና በስንዴ ልክ ነው። ጥራጥሬ ሲለብሰው አንዱ ጋ ይጠበዋል፣ ሌላው ጋ ይሰፋዋል። የት የት ላይ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አገራችን በአፍሪካ ቀዳሚዋ የሽምብራ አምራች ናት፣ የጎንደር ሜዳም ለዚህ ድርሻው ቀላል አይደለም።

መጋዘኑ ሲዘጋ የሚዘራ ሰብል

የማዳበሪያ ፍላጎት የሚሰበሰበው ከክረምቱ ከብዙ ወራት በፊት ነው። ቀበሌ ለወረዳ፣ ወረዳ ለዞን፣ ዞን ለክልል፣ ክልል ለግብርና ሚኒስቴር ያቀርባል። ግዢው ይፈጸማል፣ መርከቡ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያም ጭነቱ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሩጫ የሚያልመው ግንቦትንና ሰኔን ነው። መንገድ ሲዘጋ ወይም መኪና ሲጠፋ፣ ባለፉት ዓመታት ደጋግመን እንዳየነው፣ ወደ ሐምሌ ይገፋል። ነሐሴ ላይ መጋዘኑ ባዶውን ይቀራል፤ ሒሳቡ ተጠቃሎ ሪፖርቱ ይሄዳል።

ሽምብራ በዚያን ጊዜ ገና ከጎተራ አልወጣም። የደምቢያ ሜዳ፣ በማክሰኝት ዙሪያ ያለው ዋልካ፣ የጣቁሳና የአለፋ ጥቁር አፈር ክረምቱን ውሃ ቋጥሮ ነው የሚያሳልፈው። ሽምብራ ደግሞ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ስለዚህ በልማዱ የሚዘራው መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራና በሬ ሳይሰምጥ ማሳው ውስጥ መራመድ ሲችል ነው። ከዚያ በኋላ የሚኖረው አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ነው፤ ጥር ላይ እስኪሰበሰብ ሌላ ዝናብ አይጠብቅም። ጥቂት ቀናት መዘግየት የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። አበባው ሲፈነዳ መሬቱ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል።

ቀድሞ መዝራትም ራሱን የቻለ ዕውቀት ይፈልጋል። ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣው፣ በየወረዳው ቢቢኤም በሚል ስም የሚታወቀው የእርሻ መሣሪያ 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ እያፈራረቀ ያወጣል። ውሃው በቦዩ ከወጣ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ መዝራት ይቻላል፤ ሽምብራውም የክረምቱን መጨረሻ ዝናብ ያገኛል። ቦዩ መውጫ ከሌለው ግን ውሃውን ጎረቤት ማሳ ላይ መድፋት ነው፤ ከዚያ ጠብ ይነሣል፣ ቦዩም ይደፈናል። አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያደርገው የሚችለው ነገር አይደለም፤ የውሃውን መውረጃ ተከትሎ ሁሉም አንድ ላይ መውጣት አለበት። ኩታ ገጠም የሚባለው፣ ተጎራባች ማሳዎችን አንድ ላይ የማልማት አሠራር ለሽምብራ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነገር ግን ኩታ ገጠሙ ሲደራጅ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ነው፤ ስለ ቦዩ መውጫ የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም።

በሰኔ ገዝቶ እስከ መስከረም ማስቀመጥስ? ይቻላል፤ ግን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ የያዘው ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል። አፈር ላይ ወይም ግድግዳ ተጠግቶ ክረምቱን የከረመ ኩንታል ተጋግሮ ነው የሚገኘው። ከወለሉ ከፍ አድርጎ እንጨት ላይ ማስቀመጥና አፉን አጥብቆ ማሰር ይረዳል። ትልቁ ፈተና ግን ሌላ ነው፤ ሐምሌ ላይ ጤፉ ቢጫ ሲሆን እያየ ቤት ውስጥ ያለውን ማዳበሪያ ለመስከረም የሚያቆይ ሰው ብዙ አይደለም። ለሽምብራ የተገዛው ጤፍ ላይ ይውላል። ዘሩም ቢሆን ጥቅምት ላይ ሲመጣ፣ ማሳው ከደረቀ በኋላ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

ድጎማው እንዴት እንደሚሰላ

በ2014 ዓ.ም. የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር መንግሥት ከዋጋው ከፊሉን ደጉሟል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ድጎማው ቀጥሏል። ባይኖር ኖሮ ብዙ ገበሬ ማዳበሪያውን አይገዛውም ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ድጎማው የተጫነው ግን በማዳበሪያው ኩንታል ላይ ነው። ብዙ የተጠቀመ ብዙ ያገኛል። በቆሎ ማሳ ላይ ኤን ፒ ኤስም፣ ናይትሮጅን የሚሰጠው ዩሪያም ይገባል፤ ዩሪያው ደግሞ በሁለት ዙር ሊሆን ይችላል። ሽምብራ የሚፈልገው ቢበዛ በሄክታር 1 ኩንታል ገደማ ኤን ፒ ኤስ ነው። በዚያ ውስጥ 38 ኪሎ ፎስፌት አለ፤ ዋናው የሚፈልገው እሱን ነው። 19 ኪሎ ናይትሮጅንም አለ፤ ለመነሻ ይበቃዋል። ዩሪያ አያስፈልገውም። ናይትሮጅኑን በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ስቦ ያዘጋጃል፤ ሁኔታው ከተመቸው ከሚያስፈልገው ከግማሽ በላዩን በዚህ መንገድ ይሸፍናል። ከተሰበሰበ በኋላም ለሚቀጥለው ጤፍ ወይም ስንዴ የሚተርፍ ነገር መሬቱ ውስጥ ይተዋል። ለዚህ ነው ገበሬው መሬት የሚያሳርፍ ሰብል የሚለው።

ከውጭ በዶላር የሚገዛውን ናይትሮጅን የሚቀንስልን ሰብል ከድጎማው ትንሹን ያገኛል ማለት ነው። ይህን ሆን ብሎ ያሰበው ሰው ያለ አይመስለኝም። መንግሥት በኩንታል የሚቆጠር ነገር መደጎም ይቀለዋል፤ በኩንታል የማይቆጠረው ሳይታይ ያልፋል።

ሥሩን አውጥቶ ማየት

በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳቤን ያዞሩት ጎን ለጎን የነበሩ ሁለት የሽምብራ ማሳዎች ናቸው። አንደኛው ዩሪያ ገብቶበታል። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ቁመቱም ከጎረቤቱ ይበልጣል። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ እሱን ነው የሚያደንቀው፤ የመስክ ጉብኝት ቢኖርም ሰው የሚወሰደው ወደ እሱ ነው። ሌላው አጠር ያለ፣ ዓይን የማይስብ ማሳ ነው። ከሁለቱም አንድ አንድ ተክል ከነአፈሩ ወጥቶ ሥሩ በውሃ ሲታጠብ ግን የመጀመሪያው ሥር ልሙጥ ሆኖ ተገኘ። የሁለተኛው ሥር ላይ ዕባጮች ተሰካክተዋል፤ አንዱ በጥፍር ሲከፈት ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ያለ ነው።

ነገሩ የታወቀ ሳይንስ ነው። ናይትሮጅን ተዘጋጅቶ የቀረበለት ተክል ባክቴሪያውን ለማስተናገድ ጉልበቱን አያወጣም፤ ዕባጭ አይሠራም፣ ቅጠል ያበዛል። የበዛ ቅጠል ደግሞ አፈሩ ውስጥ የቀረውን ጥቂት እርጥበት ቶሎ ይጨርሰዋል። በቀሪ እርጥበት ለሚኖር ሰብል ይህ ኪሳራ ነው። ያን ቀን የገባኝ የእኛ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም የግብርና ምክር አገልግሎቱ፣ ለዓመታት ዓይናችንን ያሠለጠነው ቅጠል እንድናይ መሆኑን ነው። የተሰራጨው ማዳበሪያ በሪፖርት ይቆጠራል፤ የሥሩን ዕባጭ የሚቆጥር የለም። ይህ የቴክኒክ ጉድለት ብቻ ቢሆን በሥልጠና ይስተካከል ነበር። ግን የምንቆጥረው ነገር የምንደግፈውን ይወስናል፤ ጥራጥሬም ከመስመሩ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ለሽምብራ ከማዳበሪያ ኩንታል የሚቀድመው ሕያው ማዳበሪያ ነው፤ ባክቴሪያውን የያዘ፣ ለሩብ ሄክታር የሚሆን 125 ግራም ፓኬት። አጠቃቀሙ ቀላል ቢመስልም የሚበላሽባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 25 ኪሎ ያህል ዘር ጥላ ሥር ላስቲክ ላይ ይዘረጋል። ግማሽ ሊትር ገደማ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይሟሟል፤ ይህ ዱቄቱ ዘሩ ላይ እንዲጣበቅ ነው። ውሃው ዘሩን እንዲቀባው እንጂ እንዲነክረው አያስፈልግም፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ ከማፍሰስ በጥቂት በጥቂቱ መርጨት ይሻላል። ከዚያ ፓኬቱ ተከፍቶ ዱቄቱ ይነሰነሳል፤ እያንዳንዱ ፍሬ ጠቆር እስኪል ድረስ በቀስታ ይታሻል። ጥላ ውስጥ ትንሽ ከተናፈሰ በኋላ በዚያው ቀን ይዘራል፣ ወዲያው አፈር ይለብሳል። ፀሐይ ላይ የዋለ ባክቴሪያ ይሞታል።

የሚበላሸውም በእነዚህ መንገዶች ነው። ፓኬቱ ቆርቆሮ ክዳን ባለው መጋዘን ውስጥ ከማዳበሪያ ጋር ተከምሮ በሙቀት ይከርማል። የመጠቀሚያ ጊዜው ያልፋል፤ ማንም ጀርባውን አላነበበም። የፈንገስ መከላከያ መድኃኒት የታሸ ዘር ላይ ይደረጋል። የተቀባው ዘር ከኤን ፒ ኤስ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ይደባለቃል። በጣም የሚያበሳጨው ግን ለባቄላ የተዘጋጀው ለሽምብራ ሲሰጥ ነው፤ የሽምብራው ባክቴሪያ ሌላ ነው፣ የባቄላው አያገለግለውም። ከዚያ ገበሬው «ሞከርኩት፣ ምንም አላመጣም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ዘሩ ከበቀለ ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ሥሩን አይቶ መለየት ይቻላል። ውስጡ ቀይ ወይም ሐምራዊ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አይሠራም። ተክሉን ጎትቶ መንቀል ግን ዕባጩን አፈር ውስጥ ያስቀረዋል፤ በዶማ ዙሪያውን ቆፍሮ ከነአፈሩ ማውጣት ነው።

ዘር የጫነ መኪና

50 ኩንታል የጫነ መኪና ወደ ጎንደር ሲገባ እናስብ። ጭነቱ የበቆሎ ዘር ቢሆን በሄክታር 25 ኪሎ ስለሚበቃ 200 ሄክታር ይሸፍናል። ሽምብራ ቢሆን 50 ሄክታር ገደማ። ባቄላ ቢሆን ደግሞ በሄክታር እስከ 200 ኪሎ ስለሚፈልግ 25 ሄክታር ብቻ። የትራንስፖርት ወጪው አንድ ነው።

በዚህ ላይ ሽምብራ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው። አንድ ጊዜ ጥሩ ዘር ያገኘ ገበሬ ለተከታታይ ዓመታት ከራሱ ጎተራ መዝራት ይችላል። ለገበሬው መልካም ነው፤ ዘር ለሚያባዛ ድርጅት ግን በየዓመቱ ተመልሶ የሚገዛ ደንበኛ የለውም። ዲቃላ በቆሎ ደንበኛውን በየዓመቱ ያመጣል። ስለዚህ የመንግሥትም የግልም ዘር አባዥ ወደ በቆሎና ስንዴ ቢያዘነብል የሚጠበቅ ነው። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት አረርቲ፣ ሀብሩ፣ ናቶሊ የመሳሰሉት ዝርያዎች ከተለቀቁ ዓመታት አልፈዋል፤ እዚህ ሜዳ ላይ ግን ስማቸውን የሰማ እንጂ ዘራቸውን በበቂ ያገኘ ብዙ ሰው አይደለም። ለብዙዎች ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖባቸዋል።

መፍትሔው እዚሁ ማባዛት ነው፤ ስሌቱም የሚያስፈራ አይደለም። በረድፎች መካከል 30፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በሄክታር 333 ሺህ ያህል ተክል ይቆማል። 100 ፍሬው 26 ግራም የሚመዝን ዝርያ ከሆነ ይህ 87 ኪሎ ገደማ ነው፤ የማይበቅለው ሲታሰብ ወደ 100 ኪሎ ይደርሳል። ፍሬው ተለቅ ያለ ነጭ ሽምብራ ከሆነ ከዚያም ይጨምራል። 1 ኩንታል መነሻ ዘር ተዘርቶ 15 ኩንታል ቢሰጥ በሁለተኛው ዓመት 15 ሄክታር፣ በሦስተኛው ከ200 ሄክታር በላይ ይሸፍናል። አንድ ቀበሌ በሦስት ዓመት ራሱን ይችላል።

ይህ በወረቀት ነው። መሬት ላይ ተዘዋዋሪ ዘር የሚባለው አሠራር፣ ማለትም ዘር ወስዶ ሲያመርቱ ዘር መመለስ፣ የሚከሽፈው ሲመለስ ነው። ነጩ ከቡናማው ነባር ሽምብራ ጋር በአንድ አውድማ ስለሚወቃ ተደባልቆ ይመለሳል። ወይም ነቀዝ በልቶት ይመጣል። ወይም የገበያ ዋጋው ሲወደድ ዘሩ ተሸጦ በምትኩ ከገበያ የተገዛ ይመለሳል። ከሦስቱ ትልቁ አውድማው ነው። ዘር ለሚያባዙ ገበሬዎች የተለየ አውድማና ሸራ ማዘጋጀት፣ ከአጨዳ በፊት ማሳው ውስጥ ገብቶ ባዕድ ተክሎችን መልቀም፣ ይህን ሁሉ ሳይቀላቀል የሚረከብ ሰው ጥር ላይ መገኘት፤ በጀት ከተባለ በጀቱ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

ደጋው ላይ ባቄላ፣ ሜዳው ላይ ጓያ

ወደ ወገራ፣ ዳባትና ደባርቅ ሲወጣ ሰብሉ ባቄላ ነው። ባቄላ በሰኔና በሐምሌ ስለሚዘራ ከመጋዘኑ ወቅት ጋር ይገጥማል። የእሱ ጠላት በብዙ ቦታ ቆርምድ የሚባለው በሽታ ነው፤ ቅጠሉን ያሳብጣል፣ ያጨማድዳል፣ ከዚያ ቡናማ አድርጎ ያደርቃል። የፈንገስ መድኃኒት ይረዳል፤ ግን ምልክቱ እንደታየ መረጨት አለበት። ማሳው ሁሉ ከተጨማደደ በኋላ የሚመጣ መድኃኒት ወጪ ብቻ ነው።

ጓያ ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ውሃ የቋጠረ ማሳ ላይ ይበቅላል፣ ድርቅ ይችላል፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ በሩዝ መካከልም ይዘራል። ሽምብራው ዘር ሲያጣ፣ ቦዩ ሳይወጣ ሲቀር፣ ገበሬው ጓያ ይዘራል። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ መመገብ ግን እግርን ለዘለቄታው ሽባ ሊያደርግ ይችላል። በእነ ደምቢያና ፎገራ በችግር ዘመን ብዙ ሰው ላይ መድረሱ በሕክምና ተመዝግቧል። የሽምብራ ድጋፍ ሲዘገይ የሚጎዳው ገቢ ብቻ እንዳልሆነ የምናውቀው ከዚህ ነው። በክፉ ቀን ጓያ ብቻውን ተፈጭቶ ሽሮ የሚሆነው ደሃው ቤት ነው፤ ሽባነቱም በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል።

ዕዳው የሚከፈልበት ወር

የግብዓት ብድር መመለሻው ከምርት ስብሰባ ጋር ይያያዛል። ጥርና የካቲት ላይ ገበሬው እጅ የሚገኘው፣ ቶሎ ወደ ብር የሚለወጠው ሰብል ሽምብራ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤት ውስጥ የጤፉንና የበቆሎውን ማዳበሪያ ዕዳ የሚከፍለው ሽምብራው ነው። በዚያው ወር ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። የዐቢይ ጾም ሽሮ ፍላጎቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ግን ያን ጊዜ እህሉ አብዛኛው ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ገብቷል። ለምርት ገበያ በቀጥታ ለማቅረብ ደግሞ ደረጃው የተስተካከለ ብዙ ኩንታል በአንድ ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሦስትና አራት ኩንታል ያለው ሰው ከሰብሳቢው በቀር መውጫ የለውም። የውጭ ምንዛሪው ለውጥ ላኪውን የጠቀመውን ያህል ደምቢያ ድረስ እንዲደርስ ገበሬው ጥቂት ወራት መቆየት መቻል አለበት።

ለመቆየት ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው የብድሩ መመለሻ ወደ ሚያዝያ ወይም ግንቦት መገፋት ነው። ሁለተኛው ነቀዝን መከላከል ነው። ሽምብራው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ይደርቃል፤ ከዚያ ሁለት የላስቲክ ሽፋን ባለው ፒክስ ከረጢት ውስጥ አየር ሳይቀር ተጨምቆ ሁለቱም ለየብቻ ይታሰራሉ። ውስጡ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። አንድ ቀዳዳ ካለው ግን ከተራ ማዳበሪያ ከረጢት አይለይም። መኝታ ቤት ውስጥ እህል ላይ የሚጣለው ክኒን ደግሞ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ በምንም ምክንያት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ መግባት የለበትም።

አዲስ ፕሮግራም፣ አዲስ ስም የሚፈልግ ነገር የለም። የፍላጎት መሰብሰቢያው ሐምሌ ላይ ለጥራጥሬ ብቻ ሁለተኛ ዙር ይኑረው። መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘኑን እስከ መስከረም መጨረሻ ከፍቶ ይቆይ። 100 ሄክታር ሽምብራ ያለው ቀበሌ የሚያስፈልገው ሕያው ማዳበሪያ 400 ፓኬት ነው፤ ሲመዘን 50 ኪሎ፣ ግማሽ ኩንታል ብቻ። በአንድ ባጃጅ የሚጫን ነገር ነው፤ ነሐሴ ሳያልቅ፣ በቀዝቃዛው የማለዳ ሰዓት ከወረዳ ተነሥቶ ቀበሌው ጥላ ያለው ክፍል ውስጥ መግባት አለበት።